ደጋፊ አለኝ የሚሉት ሽማግሌ

ማክሰኞ ጠዋት እህቴ ባዶውን ጄሪካን በእግሯ ገፋ እያደረገች እስከ አልጋዬ ድረስ አመጣችው።

«ተነስ፤ ዛሬ ውሃው ያንተ ነው።»

«ነገ አመጣለሁ።»

«ነገ እኔ ገሱባ ነኝ። የሽማግሌ ጥም ደግሞ ነገን አይጠብቅም።»

እናቴ ከጓዳ ሳቀች። እኔ እያጉረመረምኩ ተነሳሁ። ያ ጠዋት ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። የምጽፈውም ለዚህ ይመስለኛል። የተለየ ነገር ቢኖረው ሌላ ሰውም ያስታውሰው ነበር።

እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ትበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ፤ እጄ ግን እስካሁን እንደዚያ ብሎ መጻፍ አልለመደም። ቤታችን ከሶዶ ወደ ገሱባ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እሷ በረንዳችን ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ግን የስፌት መኪናዋን ሸፍና ትወጣለች። ቤተ ክርስቲያናችንና ቀበሌው ተነጋግረው፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት የሚጠይቁ ሦስት በጎ ፈቃደኞች መርጠው ነበር። አንዷ እሷ ናት። ደመወዝ የለውም። ሥራው ውሃ መቅዳት ነው፣ እግር ማጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ መድኃኒት ከጤና ኬላ ማምጣት፣ ከየጎረቤቱ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥርና በቆሎ ለምኖ ማድረስ፤ ከሁሉም በላይ ቁጭ ብሎ ማውራት።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ቤት ነበርኩ። «ሥራ የፈታ ጎረምሳ ሥራ ከፈታ በሬ ይብሳል» ትለኝ ነበር እህቴ። «በሬው ሣር ብቻ ነው የሚበላው።»

መጀመሪያ የገባነው እግራቸው ያበጠ አንዲት እናት ቤት ነበር። በሩ ላይ ጄሪካን ተሸክሜ ሲያዩኝ ከመደባቸው ቀና አሉ።

«ይሄ ማነው? ባል አገኘሽ እንዴ?»

«ወንድሜ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ጄሪካን ተሸክሞ ምን ይዞራል? ሚስት አይፈልግም?»

«መጀመሪያ ጄሪካኑን ይልመድ» አለች እህቴ። «ሚስት ከዚህ ትከብዳለች።»

ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እህቴ ጥፍራቸውን ቆርጣ፣ የእንሰቱን ቅጠል ከደጃቸው ጠርጋ፣ ወጣን።

ቀጥለን ቁልቁለቱ ሥር ወዳሉት ሽማግሌ ወረድን። የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው። በጉልበታቸው ዘመን ዝንጅብል አምራች ነበሩ ይባላል። እኔ የማውቃቸው ግን ጎንበስ ብለው፣ ምርኩዝ ይዘው ነው። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ቅርብ ያለውን ብቻ ያያል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል።

እሳቸው ቀድሞ በሴፍቲኔት፣ በመንግሥት የምግብ እርዳታ፣ የቀጥታ ድጋፍ መዝገብ ውስጥ ነበሩ። ጉልበት ያለው የልማት ሥራ ሠርቶ ይቀበላል፤ እንደሳቸው ያለው ሳይሠራ ይቀበላል። ስንዴውና ዘይቱ በችግሩ ወራት ያቆያቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ከወረዳ የመጡ ሰዎች መዝገቡን እንደገና ሲያጣሩ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስማቸው ተጠራ። «የሚረዳዎት ሰው አለ?» ተብለው ተጠየቁ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀና አሉና፣ «አለኝ እንጂ! ስድስት ልጆች አሉኝ» አሉ። ከትልቁ ጀምረው የስድስቱንም ስም ቆጠሩ። ጻፊው የሰማውን ጻፈ። ስማቸው ከመዝገቡ ተሰረዘ።

ሕዝቡ እውነቱን ያውቅ ነበር። ግን ማን ተነስቶ «የለዎትም» ይላል? በእኛ ዘንድ አባት ልጆች አሉኝ ሲል፣ የለህም ማለት እርግማን ነው። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። እህቴም እዚያ ነበረች፤ እሷም መሬት አይታ ነበር። ይህን ራሷ ነው የነገረችኝ። ዓመቱን ሙሉ የቆጫት እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሱ። ከጎረቤት የሚለመነው አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን አይገኝም። ሁለት ጊዜ ከደጃቸው ወድቀው ተገኙ። የጤና ኬላዋ ልጅ መርምራቸው፣ «በሽታ አላገኘሁም፤ ርቧቸው ነው» አለች። እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረዳውንም ቀበሌውንም ስትመላለስባቸው ከረመች። በመጨረሻ፣ ሐሙስ የሚመጡት አጣሪዎች ከመዝገቡ የወጡትን ሰዎች እንደገና እንዲያዩ ተስማሙ። ሰውየው ግን ራሱ መቅረብ አለበት፤ በሕዝብ ፊትም መመስከር አለበት። ሐሙስ ካለፈ ደግሞ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ሌላ ዓመት የሚቆዩ አይመስሉም ነበር።

ስለዚህ ማክሰኞ እግራቸውን በሞቀ ውሃ እያጠበች ታስጠናቸው ጀመር። የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። እሷ ግን የወረዳ ሰው ለመምሰል ድምጿን አወፈረች።

«አባባ፣ የሚረዳዎት ሰው አለ?»

«አለኝ።»

«አባባ!»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«የለኝም ይበሉ። አንድ ቃል ናት።»

«ላንቺ አንድ ቃል ናት። ለኔ ስድስት ልጅ ናት።»

«የት ናቸው?»

«አንዱ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሁለቱ እርሻ ሥራ ብለው ሄደዋል። አንዷ ቤሌ፣ ባሏ ቤት ናት። ሁለቱ …» ሁለቱ መሞታቸውን ሦስታችንም እናውቃለን።

እኔ አላስችለኝ አለ። «ደቡብ አፍሪካ ያለው ደውሎ ያውቃል?» አልኩ።

እህቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። «አንተ ውሃህን ገልብጥና ውጣ።»

አልወጣሁም። ሽማግሌው አልተቆጡም። እግራቸውን ከሳፋው ሳያወጡ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ሰው ፊት ቆሜ ልጅ የለኝም ብል፣ እግዚአብሔር ሰምቶ፣ እንግዲያው እንዳፍህ ይሁን ቢለኝስ? አራቱን በአፌ ልቅበራቸው?»

እህቴ አንዱን እግራቸውን አንስታ በፎጣው አደረቀች። «እግዚአብሔር የሴፍቲኔት ስብሰባ አይመጣም» አለች።

«ይመጣል! የት ይቀራል!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

«እሺ፣ ታ ናኤ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺ አጠገቤ ቁሚ። አንቺ ካለሽ ቃሏን እላታለሁ።»

«እቆማለሁ» አለች።

ማክሰኞ በዚህ አለቀ። ማታ ቦዬ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ በላን። እህቴ የአንዲት ልጅ ዩኒፎርም ቁልፍ ተክላ ተኛች። ሌላ ምን አለች ብዬ ብዙ አሰብኩ። ምንም አላለችም። ስለ ክር አለማማር ትንሽ ተናገረች።

ረቡዕ የቀበሌውን ደብዳቤ ይዛ ገሱባ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለች።

«ደብዳቤውን ተቀበሉኝ። ነገ ሦስት ሰዓት ነው። አሁኑኑ ወርደህ ንገራቸው፤ ልብሳቸውን ያጥቡ።»

«ዝናብ ነውኮ።»

«ስኳር ነህ?»

ዘጋችው። እኔ አልወረድኩም። ዝናቡ ሲያቆም አልኩ። ሲያቆም ደግሞ፣ ጠዋት እሷው ራሷ ትነግራቸው የለም አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ በእሷ ስልክ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለ። የተሳፈረችበት ሞተር ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ነበር። ነጂው ክንዱ ተሰበረ። እሷ … እሷን ሰዎች ከመንገዱ አንስተው ጥላ ሥር አስተኝተዋት ነበር። እኔና አጎቴ ስንደርስ አንዲት ሴት ፊቷን በራሷ ነጠላ ሸፍናላት አገኘን። የሴትዮዋን ነጠላ እስካሁን አልመለስንላትም። ማን እንደሆነችም አናውቅም።

ስለዚያ ሌሊት አልጽፍም።

ሐሙስ ሲነጋ ግቢያችን ሞልቶ ነበር። ዕድሩ ድንኳን ተክሏል። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር ናቸው። ቀብሩ ለስምንት ሰዓት ተባለ፤ ቤሌና ሃላሌ ያሉት ዘመዶች እስኪደርሱ ነው። እኔን ከአጎቴ አጠገብ አስቀመጡኝ። የሚመጣው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ለአጎቴ፣ ቀጥሎ ለእኔ ጎንበስ ይላል። የሟች ወንድም እስከ ቀብር ድረስ ከቦታው አይነሳም። ይህን ማንም ሰው አልነገረኝም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ሁለት ሰዓት አልፎ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ተቀምጦ ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ ለአጎቴ ቀስ ብሎ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ተመልሼ እመጣለሁ» አለው። «የወረዳዎቹ መጥተዋል። ለዛሬ ይለፉን ብያቸው ነበር። ነገ ሌላ ቀበሌ ናቸው፤ ቀኑን መቀየር አልቻሉም።»

እኔ ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ በትክክል መናገር አልችልም። ሐዘን አልነበረም። እንደ ፍርሃት ያለ ነገር ነው። ሽማግሌው ሰዓቱን አያውቁም፤ አልነገርኳቸውም። ሌሎቹ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ቤታችን ውስጥ ናቸው፤ እናቴን ይዘዋል። ልላክህ ብዬ የምጠይቀው ሰው በዓይኔ ፈለግሁ። ሁሉም የሚያለቅስ ሆነብኝ።

ተነሳሁ። አጎቴ ጋቢዬን ያዘ።

«ወዴት ነው?»

«መጣሁ።»

«ወንድሟ ነህኮ! ሰው አንተን ሊያጽናና መጥቶ ባዶ አግዳሚ ያጽናና?»

«ቁልቁለቱ ሥር ያሉትን ሽማግሌ ላመጣቸው ነው።»

ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። አጎቴ ጋቢዬን ለቀቀ። በጓሮ፣ በእንሰቱ መሃል ወጣሁ። በፊት ለፊት በር ለመውጣት አፈርኩ።

ሽማግሌው ለብሰው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ሰው ነግሯቸዋል ማለት ነው። እግሬን ሰምተው ቀና አሉ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ብቻዬን ልወጣ ሞከርኩ። ዳገቱ አዳልጦ መለሰኝ። በል ያዘኝ፤ ወደ ልጄ ውሰደኝ።»

«እወስድዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ቀበሌ እንግባ። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

መጀመሪያ ያልገባቸው መሰለኝ። ሲገባቸው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ሬሳዋ ቤት ውስጥ እያለ እኔ ለስንዴ ልሰለፍ? አንተ ልጅ፣ ጤነኛ ነህ?»

«ዛሬ ካለፈ ሌላ ዓመት ነው።»

«ይለፍ!»

«አባባ …»

«ይለፍ አልኩህ! የምን ዓመት?»

ያኔ ማለት የሌለብኝን አልኩ። «እሷ ትናንት ገሱባ የሄደችው ለዚሁ ነበር» አልኩ። «የእርስዎን ደብዳቤ ይዛ።»

ይህን አያውቁም ነበር። ከአፌ ሲወጣ እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ አገጫቸውን እሱ ላይ አሳረፉ። ልመልሰው ብፈልግም ቃል አይመለስም። ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ አነሳኋቸው።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ላይ የተሰበሰበው ሰው ጥቂት ነበር። ብዙው እኛ ቤት ነው። ያሉት ሲያዩኝ ተነሱ። አንዳንዶቹ፣ ይሄ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል ብለው እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። ከጠረጴዛው ኋላ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የሚመዘግብ ሰውዬና አንዲት ወጣት ሴት። ሴቲቱ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ናት፤ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ አጠገባቸው የቆመው የቀበሌው ጸሐፊ ወደ ወላይትኛ ይተረጉማል።

የሽማግሌው ስም ተጠራ። ይዣቸው ቀረብኩ። እህቴ እቆማለሁ ያለችው ቦታ ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ። ልመልሳቸው ፈለግሁ።

«አባት፣ የሚረዳዎት ሰው አለ?» አለች ሴቲቱ። ጸሐፊው ተረጎመ።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። እኔ በልቤ፣ አንድ ቃል ናት፣ አንድ ቃል ናት እላለሁ። ድንገት እጄን አንጓው ላይ ጨብጠው ይዘው ወደ ላይ አነሱት።

«አለኝ» አሉ። «ይሄ አለኝ። ወንድሟ።»

ጸሐፊው ወዲያው አልተረጎመም። ሴቲቱ ስታየው ነው፣ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ልጅ ይረዳኛል ነው የሚሉት» ያላት።

«ልጃቸው ነህ?» አለችኝ።

«አይደለሁም።»

«ዘመድ?»

«አይደለሁም።»

«ትረዳቸዋለህ?»

ማክሰኞ ውሃ ቀድቼላቸዋለሁ። ከዚያ በፊትም አንዳንዴ ቀድቻለሁ። የያዙኝ እጃቸው አልለቀቀኝም። አዎ ብል ደስ ይላቸዋል። አዎ ብል መዝጋቢው ይጽፈዋል።

«አልረዳቸውም» አልኩ በአማርኛ።

ሴቲቱ ክፉ ሰው አልነበረችም። «ሕዝቡ መስማት አለበት» አለችኝ። «በቋንቋችሁ ድገመው።»

ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። ድምፄ ከፍ ያለ እንዲሆን አልፈለግሁም፤ ግን ከፍ ብሎ ወጣ።

«እኔ ምናቸውም አይደለሁም» አልኩ። «አልረዳቸውም። ልጆቻቸውም አይረዷቸውም። የሚረዳቸው ሰው የለም። ትረዳቸው የነበረችው እህቴ ናት። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ እንቀብራታለን።»

ምናቸውም አይደለሁም ስል የሽማግሌው እጅ ከአንጓዬ ወረደ።

ያለፈው ዓመት እንዲህ እንደነበር ገባኝ፤ ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ። ከዚያ አንዲት በቆሎ ሻጭ፣ «ልጁ ያለው እውነት ነው» አለች። ከኋላ አንድ ሰው፣ «እውነት ነው፤ እኛም እናውቃለን» አለ። ሌሎቹ እጃቸውን አወጡ። መዝጋቢው ጻፈ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክተው ወረቀቱ ላይ እንዲያደርጉ ጸሐፊው እጃቸውን መራ። አልተቃወሙም። ሴቲቱ ስንሄድ ከወንበሯ ተነስታ፣ «ነፍስ ይማር» አለችኝ። እኛ ቤት፣ በወንጌላውያኑ ዘንድ፣ እንዲህ አይባልም። ግን አሜን አልኩ።

ወደ ቤታችን ጉዞ ጀመርን። ክንዴን ዘረጋሁላቸው። አልያዙትም። ከእኔ ፈንጠር ብለው በምርኩዛቸው መንገዱን እየፈለጉ ሄዱ። የቀለመውን ጣታቸውን ከሌሎቹ ጣቶች አርቀው ይዘውታል። አንድ ጊዜ፣ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። መልስ አልሰጡኝም። መስጠት እንዳለባቸውም አላውቅም። እህቴ ብትሆን ምን ትል ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። አንዳንድ ቀን እንደኔ ትል ነበር እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እጇን ይዘው አለችኝ ቢሏት፣ የለዎትም ማለት አትችልም ነበር እላለሁ።

ከቤታችን በታች ያለችው ዳገት ከትናንቱ ዝናብ አልደረቀችም። ከላይ የመዝሙሩ ድምፅ ይሰማል። ሽማግሌው ጭቃውን በምርኩዛቸው ነክተው ቆሙ። እጃቸውን አልዘረጉም፤ ወደ ኋላም አልተመለሱም።

ጫማዬን አወለቅሁ። ከፊታቸው ሆኜ ተረከዜን ጭቃው ውስጥ እየመታሁ መርገጫ ማበጀት ጀመርኩ። አንዱን አበጃለሁ፣ ግማሽ እርምጃ ከፍ እላለሁ፣ ሌላ አበጃለሁ። ዞር ብዬ አላየሁም። ምርኩዛቸው ከኋላዬ ጉድጓዱን ሲፈልግ፣ ሲያገኘውም፣ ይሰማኝ ነበር።